ያልበራችው መብራት

የባለቤቴ መኪና የመስታወት ማጠቢያ ውሃ ሲያልቅ ዳሽቦርዱ ላይ ትንሽ ቢጫ መብራት ትበራለች። በበረዶው ወራት ይህች መብራት የምትበራው በየአሥራ አንዱ የሥራ ቀን ነው። ዘንድሮ ግን ሃያ ሦስት የሥራ ቀን አለፈና አልበራችም። መኪናው ውስጥ የሌላ ሰው እጅ እንደገባ ያወቅሁት በዚህ ነው።

አሥራ አንድ ያልኩት በግምት አይደለም። የምሠራው የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ እንጀራዬ መለካት ነው። ማጠራቀሚያው አራት ሊትር ይይዛል፤ አንድ ሊትር ሲቀረው መብራቷ ትበራለች። ባለቤቴ ቤት ለቤት እየዞረች በሽተኞችን የምትረዳ ነርስ ናት። በረዶውን እንዲያቀልጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፤ ከፊቷ የሚሄደው የጭነት መኪና ያንን ጨዋማ ጭቃ እያነሳ መስታወቷ ላይ ይደፋዋል፤ እሷም ከመሪው ሥር ያለውን ዘንግ ሳብ አድርጋ ትረጫለች። አንዱ ርጭት ሠላሳ ሚሊ ሊትር፣ በቀን ዘጠኝ ርጭት። ማካፈል የሚችል ሰው ሁሉ አሥራ አንድ ላይ ይደርሳል።

እቤት መብራቷን «አልቃሻዋ» እንላታለን። ባለቤቴ በር ላይ ጫማዋን እያወለቀች «አልቃሻህ ዛሬም ጀመራት» ትለኛለች፤ እኔም በብርድ የማይረጋውን ሰማያዊ ፈሳሽ ከነጀሪካኑ ይዤ እወርዳለሁ። ባል ሁሉ ለሚስቱ የሚያደርገው አንድ ነገር አለው። አበባ የሚገዛ አለ፤ እኔ ኮፈን እከፍታለሁ። ሞልቼ ስመለስ ሁለት ነገር እጠይቃታለሁ፦ መብራቷ መቼ በራች፣ ከተለመደው መንገድ ውጪስ የት ተሄደ። መልሷን ከቁጥሬ ጋር አስተያያለሁ። ክፋት አልነበረበትም፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ አምን ነበር።

ከዚያ ወጌሻው መጣ። ትክክለኛ ሙያው ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ ወጌሻ ያልኩት እንዲያንስልኝ ብዬ ነው። በረዶው ሊጀምር ሲል የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ቀጠረው፤ ማክሰኞና ሐሙስ በእሷ መኪና አብረው ይዞራሉ። ረጅም ነው፤ ሳቁ ከእሱ ቀድሞ ቤት ይገባል። እራት ላይ ባለቤቴ «ወጌሻው እንዲህ አለ፣ ወጌሻው እንዲያ አደረገ» ማለት ጀመረች። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ በእሷ አፍ ሲጠራ ግን ጣፈጠ።

ቅዳሜ ጠዋት እሷ ሳትነሳ ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ማጠራቀሚያው እስከ አፉ ሊሞላ የቀረው ጥቂት ነው። እኔ የምገዛው ሰማያዊ ነው፤ ውስጡ ያለው ግን አረንጓዴ ነበር። ሰማያዊ ላይ ቢጫ ሲገባ አረንጓዴ ይሆናል፤ ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ቢሆንም ጥቂት በሲሪንጅ ቀድቼ በብልቃጥ አደረግሁና ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከሥጋው አጠገብ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ምንም አልረጋም፤ የእኔው እዚያ ውስጥ ቢያድር ትንሽ ይወፍራል። እኔ ከምገዛው የተሻለ ዓይነት ነው። ይበልጥ ያንገበገበኝ ይኸው ነው፤ አንድ ሰው ለሚስቴ ከእኔ የተሻለ እየገዛላት ነው።

ለታላቅ እህቴ ደውዬ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ወንድምዓለም» አለች፣ «ሰው በሽቶ ይቀናል፣ በስልክ ይቀናል። በመስታወት ውሃ የቀና ግን ካንተ በፊት አልሰማሁም።»

«ታዲያ ማን ሞላው?»

«ጠይቃታ።»

«ብትዋሸኝስ?»

«ዋሽታህ ታውቃለች?»

«እስካሁን አልደረስኩባትም።»

«ስማ፣ መጀመሪያ ያንን ብልቃጥ ከሥጋው አጠገብ አንሳ። ሌላውን ቀስ ብለህ ትቀናለህ።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። የጠረጠረ ምን እንደሚሆን ተረቱ አይናገርም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል ደግሞ፤ እኔ ሁለቱንም ከአንድ ማጠራቀሚያ ልቀዳ ተነሳሁ።

ሐሙስ ቀን ባለቤቴ ጓንቷን ረስታ ሄደች። እውነቱን ለመናገር፣ ከቦርሳዋ አውጥቼ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ጓንቱን ይዤ ወደ መሥሪያ ቤቷ ሄድኩ። ከሕንጻው ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ሁለት ጀርባዎች ጎንበስ ብለው አየሁ። አንዱ የእሷ ነው፤ ሌላው ሰፊ ነው። በትከሻዎቻቸው መካከል የቀረው አራት ጣት ያህል ነበር። እሷ ትስቃለች። እቤት እንዲህ ከሳቀች ስንት ቀን እንደሆናት ልቆጥር ሞከርኩና ቁጥር አጣሁለት። ዓይኔ ደም ለበሰ።

ጠጋ ስል ግን ቢጫውን ጀሪካን ይዛ የምትቀዳው እሷ ነበረች። እሱ የያዘው ክዳኑን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አለኝ ወጌሻው። በዚህች በአንዲት ቃል አሥር ዓመት ጨመረልኝ።

«ይህን ውሃ የምትገዛላት አንተ ነህ?» አልኩት ሰላምታውን ዘልዬ።

ክዳኑን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «እኔማ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም፤ ለዚህ አይደል እሷ ጭናኝ የምትዞረው። ራሷ ገዝታ ራሷ ነች የምትሞላው፣ በየሐሙሱ።» ክዳኑን እጇ ላይ አስቀመጠና ሻይ እንደቀዘቀዘበት ሰው ፈጠን ፈጠን እያለ ወደ ውስጥ ገባ።

ባለቤቴ ጀሪካኑን መሬት ላይ አኖረች። ጓንቷን ተቀበለችኝና ሳታጠልቀው ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«አንቺ ነሽ የምትሞዪው?» አልኳት።

«እኔ ነኝ። መብራቷ እንዳትበራ።»

«ለምን? እኔ አለሁ አይደል?»

«አንተ ስላለህ ነዋ።»

አልገባኝም፤ ፊቴም ይህንኑ ሳይናገር አልቀረም።

«በዘጠነኛው ቀን የበራች ጊዜ ትዝ ይልሃል?» አለች። «ያን ቀን አንድ ሽማግሌ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው አግኝቼ፣ አምቡላንሱን ተከትዬ ሆስፒታል ድረስ ሄጃለሁ። ስገባ ‹ሁለት ቀን ቀድማ በራች፣ የት ሄደሽ ነው?› አልከኝ። ስለ ሽማግሌው ነገርኩህ። አንተ ሆስፒታሉ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ጠየቅከኝ።»

«ለሒሳቡ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ እኔም ሒሳብ ጀመርኩ። በቀን ዘጠኝ ብቻ እረጫለሁ፣ አሥራ አንድ ላይ እንዲገጥምልህ።» ድምጿ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ባለፈው ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠኙ ርጭት አለቀብኝ። መስታወቱ ጨው ለብሷል፣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ናት፣ ከነጭ በቀር ምንም አይታየኝም። ዘንጉን መሳብ ብቻ ነበር። አልሳብኩም። መሻገሪያው ላይ አንዲት ሴት ነበረች። ያየኋት ካለፍኳት በኋላ ነው፣ በጎን መስኮት። የኮቷ ጫፍ የመኪናውን በር ጠርጎታል።»

ጀሪካኑን በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችው።

«በማግስቱ ይህን ጀሪካን ገዛሁ። አሁን እንደ ልቤ እረጫለሁ።»

እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሰው ምን ማለት እንዳለበት ያውቃል። ሴትየዋ ተርፋለች? አንቺስ እንዴት ሆንሽ? ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ወጌሻው። ነግሬዋለሁ።»

«ለእሱ ነግረሽ ለእኔ ደበቅሽኝ?»

«እሱ አልጠየቀኝማ።»

ማስረጃው ሁሉ ነጻ ስላወጣቸው ቅናቴ ይበርዳል ብዬ ነበር። አልበረደም። እስከዚያ ቀን የቀናሁበት ነገር በሙሉ ባዶ ነበር፤ ይህ ግን አለ። እሷ የተናገረችበት፣ እሱም ሳይጠይቅ የሰማበት አንድ ሰዓት አለ። ያ ሰዓት የእኔ ነበር፤ ሳላውቅ በገዛ እጄ አሳልፌ ሰጠሁት።

መቼ ነገረችው? የት ሆነው? አልቅሳ ነበር? ምን አላት? አራቱም በቅደም ተከተል ምላሴ ላይ ተሰለፉ። እሷም አየቻቸው፤ ሃያ ዓመት አብረን ኖረናል። ክዳኑን ገጠመች፣ ኮፈኑን ዘጋች፣ መዳፏን ኮፈኑ ላይ እንዳሳረፈች ቆማ አየችኝ፤ የቱ ቀድሞ እንደሚወጣ የምትጠብቅ ነበር የምትመስለው። ቀጣዩ በሽተኛሽ ስንት ሰዓት ላይ ነው ልላት ከንፈሬን ከፈትኩ። እሱም ጥያቄ ነው። መልሼ ገጠምኩት።

ጀሪካኑን አንስታ መኪናዋ ውስጥ ገባች፤ ወጌሻውን ከዋናው በር ልትጭነው ሞተሩን አስነሳች። ከፊቷ ዞር አልኩላት። አጠገቤ ስትደርስ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገችው።

«ስገባ እነግርሃለሁ» አለች። «ካልጠየቅከኝ።»

እሺ ስል እንኳ ድምፄ ወደ ጥያቄ እንዳይዞርብኝ ፈርቼ፣ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ።