የተሳሳተው ቀዳዳ

ቴክኒሻኑ ከቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል። «እናቴ፣ ያን ረጅሙን ገመድ ወዲህ ይግፉልኝ» አለ። የቤቱ እመቤት ገፋችለት። ሰውዬው ከገባ ጀምሮ አፉ ሥራ አልፈታም፤ ስለ አማቱና ስለ ወገቡ ሲያወራ ገመዱን ሁሉ አዘበራርቆታል።

ሆም ቲያትሩን፣ አምስቱን ትንንሽ ስፒከሮችና ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ትልቅ ሳጥን፣ ሰብዉፈሩን፣ የገዛላት ልጇ ነው። ነገ ጠዋት አባቱን ወደ መጦሪያ ሊወስደው ወስኗል። «ቤቱ ጭር እንዳይልብሽ» ብሎ ነው ያመጣላት፤ አርባ ዓመት አብሯት የኖረን ሰው በሙዚቃ ሊተካላት። ባሏ ታሞ ከወደቀ አምስት ወሩ ነው። ቃል አይወጣውም፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ይውላል። ራሱን አያውቅም ተብሏል። እሷ ግን ለዛሬ እንኳ ይስማ ብላ አንዱን ስፒከር ከራስጌው አስቀመጠች። ገመዱ በበሩ ሥር አልፎ ሳሎን ገባ።

«በሉ እንግዲህ፣ ቤቱን እናንቀጥቅጠው!» አለ ቴክኒሻኑና ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተው።

ሙዚቃ የለም። ከሰብዉፈሩ ትንፋሽ ወጣ። ቀስ ያለ፣ ከባድ ትንፋሽ፤ በወለሉ በኩል እግሯ ድረስ ተሰማት።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለች።

ቴክኒሻኑ የመሣሪያውን ጀርባ አየና ግንባሩን መታ። «ጉድ ሠራሁ! የመኝታ ቤቱን ገመድ የማይክ ቀዳዳ ላይ ነው የሰካሁት። ስፒከር እንዲህ ሲሰካ መናገሩን ትቶ ማዳመጥ ይጀምራል። የጋሼ ትንፋሽ ነው፣ አይደንግጡ፤ አሁን አስተካክለዋለሁ።»

እጁን ሲሰድ ሳጥኑ ተናገረ።

«ነገ ጠዋት ነው አሉ።»

የባሏ ድምፅ ነው፤ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ወፍሯል። እየሮጠች መኝታ ቤት ገባች። እንደተወችው ነው፤ ከንፈሩ ገጥሟል፣ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነው። «አንተ፣ እኔ ነኝ። ተናገርክ እንዴ?» ሽፋሽፍቱ እንኳ አልተነቃነቀም።

ሳሎን ስትመለስ የቴክኒሻኑ ፊት አመድ መስሏል።

«ሄደች» አለ ሳጥኑ።

ሶፋው ላይ ዘጭ አለች። ፈራችው፤ የአርባ ዓመት ባሏን ፈራችው። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ሐፍረቱ በረታባት። እሷና ልጇ አልጋው አጠገብ ቆመው፣ ቦታ እንደሚቀየርለት ቁም ሣጥን ስለሱ ሲማከሩ ከርመዋል።

«እናቴ፣ ውስጥ ሌላ ሰው አለ?» አለ ቴክኒሻኑ በሹክሹክታ።

«ማንም የለም።»

«ታዲያ ለማን ነው የሚያወራው?»

ስልኳ ጮኸ።

«እማዬ፣ ተገጠመልሽ? ድምፁ እንዴት ነው?» አላት ልጇ።

«ጥርት ያለ ነው።»

«ጎሽ! በይ የአባዬን ሻንጣ አዘጋጂልኝ፣ ማልጄ እመጣለሁ።»

ዓይኗን ወደ ሰብዉፈሩ መለሰች። ትንፋሹ ቆሟል። የመኝታ ቤቱ በር ክፍት ነው፤ ባሏ የምትለውን እየጠበቀ ነው።

«አባትህ የትም አይሄድም» አለችው።

«ምን ሆነሽ ነው? ተነጋግረን ጨርሰን የለም እንዴ?»

«ከእሱ ጋር አልተነጋገርንም።» ስልኩን ዘጋች።

የታፈነው ትንፋሽ ረዝሞ ከሳጥኑ ወጣ። ቴክኒሻኑ ወደ ግድግዳው ሸሸ።

«ገመዱን... ልመልሰው ወይስ ይቆይ?»

ቢቆይ የልቡን ሁሉ ትሰማለች፤ ለማን እንደሚያወራም ምናልባት ታውቃለች።

«ንቀለው» አለች። «የሚለው ካለ ፊት ለፊት ይበለኝ።»

ወንበር አንስታ መኝታ ቤት ገባችና ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች።