ከምድጃ ጭስ የተሠራው አልቪስ

ጎረቤቴ ሙስተፋ ክፉ ሰው አይደለም። አንድ ነገር ከያዘ አለመልቀቁ ነው እንጂ። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ በባትላሜራነት፣ የተጋጨ መኪና ገላ እየቀጠቀጠ ሲያቃና ኖሮ፣ መንግሥት በተለወጠ ማግስት ጋራዡ ሲዘጋ ወደ ቡታጅራ ተመለሰ። ሌላው ሰው ከአዲስ አበባ ሲመጣ ፍራሽና ቴሌቪዥን ይዞ ይመጣል። ሙስተፋ በአይሱዙ አስጭኖ ያመጣው አንድ አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ነበር፤ መሪው በቀኝ፣ ጎማ የሌለው፣ ጣሪያው የተቀደደ።

«አልቪስ ይባላል» አለኝ፣ ዘመድ እንደሚያስተዋውቅ ሁሉ። «ከዓለም ጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው። ሞተሩ የፋብሪካ ነው፤ ገላው ግን የሰው እጅ ሥራ ነው። አጽሙ እንጨት፣ ላዩ ቆርቆሮ። እንዲህ ያለ በዓለም ላይ ስንት የቀረ ይመስልሃል?»

«ሌሎቹስ ምን ሆነው አለቁ?» ብዬ ብጠይቀው ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ።

ሞተሩን ከዚህም ከዚያም ዕቃ እየለቃቀመ አስነሳው፤ ይህን አልክድም። የበሰበሰውን አጽም ግን ትናንት በተቆረጠ ባሕር ዛፍ ተካው። ቀለም ቀብቶ፣ አርብ ገበያ መሐል ደረቱን ነፍቶ ሲያልፍ፣ እንጨቱ ለካ ፀሐይ ሲመታው ተኮማትሯል፤ መጀመሪያ የቀኙ በር፣ ቀጥሎ የግራው ወለል ብሎ ተከፈተ።

«ክንፍ አወጣ! ሊበር ነው!» አሉ ጋሪ ነጂዎቹ። እኔም ስቄያለሁ። ጎረቤት ብሆንም ጥርስ አለኝ።

ችግሩ፣ ለሴት ልጁ ለባሂራ የሰርግ ቀን ተቆርጦላት ነበር። «ከአባዬ መኪና ሌላ አልሳፈርም» ብላ ለሙሽራው ወገኖች አስነግራለች። የሙሽራው አጎት አብዱልሃፊዝ የገበያውን ወሬ ሲሰማ፣ «እንግዲያው መጎተቻ ገመድ ይዘን እንመጣለን» ብሎ መለሰ።

የሙስተፋ ሚስት ከድጄ ይህ ሲደርሳት ተነሣች። «ስማ ሙስተፋ! ልጄ መንገድ ላይ በር ተከፍቶባት ስትወድቅ አላይም። ወይ አቃናው፣ ወይ ለቁራሌው ስጠው።»

«በምን ላቃናው? እንጨት ሁሉ ያው እንጨት ነው።»

«የአባቴ ሣር ቤት በቆርቆሮ ሊተካ እየፈረሰ አይደል? ሂድና እንጨቱን አምጣ።»

ያ እንጨት ዕድሜውን ሙሉ የምድጃ ጭስ ሲጠጣ የኖረ ነው፤ ጥቁር፣ ደረቅ፣ ነቀዝ የማይደፍረው። ሙስተፋ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ለቤቱ በር እርጥብ እንጨት የማይነካ ሰው፣ የእንግሊዝ መኪና ሲሆንበት ረሳው።

የሰርጉ ዕለት መኪናው አጽሙ ሁሉ በዚያ እንጨት ተተክቶ፣ በቀለሙ ወይን ጠጅ መስሎ ወጣ። አብዱልሃፊዝም አልዋሸም፤ ላንድክሩዘሩ ላይ ገመድ ጠምጥሞ መጣ። በእኛ በኩል ደግሞ መኪናው ምናልባት ቢቆም ተብሎ ወገባቸውን የታጠቁ ገፊዎች ተመድበዋል፤ አለቃቸው እኔ ነኝ።

«የሙሽሪት አባት ሙሽሪትን ይሸኛል እንዴ? በየት አገር ወግ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

በቀኝ መሪ የሚነዳ ሌላ ሰው አልነበረም። «ዛሬ አባት አይደለሁም፤ ሹፌር ነኝ» አለ ሙስተፋ፤ ኮፍያውን አስተካክሎ ገባ። ከድጄ የበሩን እንጨት በእጇ ዳበሰችና፣ «ልጄ ከአያቷ ቤት ሳትወጣ ተዳረች» ብላ እልል አለች።

እኛ ገፊዎች ከኋላ ላንድክሩዘሩ ላይ ተጫንን። ወደ ሙሽራው ቤት የሚወስደው የእንሴኖ መንገድ ያን ጊዜ ኮረኮንች ነበር።

«አሁን ይቆማል» ይላል አብዱልሃፊዝ። አልቪሱ ይሄዳል። «ቆይ፣ እዚያ ጉድጓድ ጋ ይገነጣጠላል።» ጉድጓዱን ዘለለው፤ አንድ በር እንኳ አልተንቀሳቀሰም። የተንቀሳቀሰው የእኛ አንጀት ነው።

«ኧረ ራቅ በል፣ አቧራውን በልተን ጨረስነው!» ብሎ በመጨረሻ በራሱ ሹፌር ላይ ጮኸ።

እንሴኖ ስንደርስ አብዱልሃፊዝ ከማንም ቀድሞ ወረደ፤ የአልቪሱን በር ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ፣ ደግሞ ዘጋ። ሙሽሪት ውስጥ ናት።

«አጎቴ፣ ልውረድ ወይስ አልበቃህም?» አለችው ባሂራ።

ሰፈሩ በሳቅና በእልልታ ቀለጠ። እሷ ወርዳ ገባች። ሙስተፋ ግን አባት ነውና ከድግሱ መግባት ነውር ሆነበት፤ መሪው ላይ እጁን አድርጎ ተቀመጠ። ይህን ያየው አብዱልሃፊዝ ወደ ድንኳኑ ተጣራ፤

«ሹፌሩን አብሉ እንጂ! እንዲህ ያለ ሹፌር ጦሙን ይውላል?»

ክትፎው ከነቆጮው በሳህን ሆኖ መኪናው ድረስ መጣ። አብዱልሃፊዝ በግራ በኩል ገብቶ ጎኑ ተቀመጠ፤ እሱ ክላክሱን እየነፋ፣ ሙስተፋ እየጎረሰ፣ የእንሴኖ ሰው በመስኮት እያየ። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ሙስተፋ በመስኮት አወጣው፤

«ለሹፌር ይሄ አይበቃም፤ ድገሙኝ!»