ነጩን ምልክት የጠረገ ጣት

ጁነይድ የደጋን ሰው ነው፤ ንብ ያነባል። ጅብ ጭኜ ደሴ ገበያ ወጣሁ ያለ፣ ንቦቼ በስማቸው ስጠራቸው አቤት ይላሉ ብሎ አገር ያሳቀ ቀጣፊ ነው።

ዛሬ ግን ኮምቦልቻ፣ የእፅዋት ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ቀልዱን ረስቷል። በያዘው ብልቃጥ ውስጥ አንድ የእሳት እራት አለ፤ ጎረቤቱ እትየ ዘይቱና በቆሎዋ መሀል ከሰቀለችው ወጥመድ የወጣ። ተምች የሚያመጣው ዓይነት ከሆነ ማሳው ነገ ጠዋት መርዝ ይረጫል፤ የጁነይድ ቀፎዎች ደግሞ ማሳው ዳር ናቸው። ጉዳት የሌለው መሳዩ ከሆነ ንቦቹ ተረፉ። ሁለቱን የሚለያቸው የክንፉ ጫፍ ነው፤ ነጭ ምልክት ካለበት ተምች ነው።

አብራው የመጣችው ዘይቱና ስልክ ልታነሳ ወጣ ስትል ብልቃጡን ከፍቶ አየ። ነጭ! በአውራ ጣቱ ጠረግ ቢያደርገው ምልክቱ እንደ ዱቄት ለቀቀ።

ዘይቱና ተመልሳ አብረው ሲገቡ፣ ባለሙያዋ ዊዳድ የእሳት እራቱን አጉሊ መነጽሯ ሥር አድርጋ አየችው።

«ይሄ ክንፍ ተልጧል። ማን ነካው?»

ጁነይድ ጣቱን ኪሱ ከተተ።

«እንግዲህ ወጥመዱ ውስጥ ሌላ እስኪገባ መጠበቅ ነው» አለች ዊዳድ።

«ምን ልጠብቅ!» ዘይቱና ከወንበሯ ተነሳች። «ልጆቼ ሌላ እህል የላቸው! እስከዚያ አገዳው እንኳ ይቀራል?»

ጁነይድ ወደ ዊዳድ ዞረ።

«ነጭ ነበረው» አለ። «እኔ ነኝ የጠረግኩት።»

«ወግድ! ጅቡን ጨረስክና ወደኔ መጣህ?» አለች ዘይቱና።

«ጋሽ ጁነይድ፣ በቀልድ መርዝ አላስረጭም» አለች ዊዳድ። «የሚያልቀውም የእርስዎ ንብ ነው።»

«መች አጣሁት።» አውራ ጣቱን አወጣ፤ ግራጫ ብናኝ ለብሷል።

ዊዳድ አየችና ራሷን ነቀነቀች። «መንካቱንስ ነክተውታል። ነጩ የት እንደነበር ግን ጣትዎ አይነግረኝም።»

«እዚህ ጋ፣ ጫፉ ላይ። ወላሂ!»

ዘይቱና ዞር ብላ አፍጥጣ አየችው። ጅቡን ሲያወራ ስንቴ «እስቲ ወላሂ በል» ብለው ይዘውታል! ሁልጊዜ እየሳቀ ያመልጥ ነበር እንጂ አንድ ቀን ምሎ አያውቅም።

«እውነቱን ነው» አለች ለዊዳድ። «ይረጭልኝ።»

ዊዳድ ርጭቱን ለማዘዝ ስልኳን አነሳች።

«ንቦቼን ሳይነጋ መርዙ የማይደርስበት ገራዶ ካላደረስኳቸው አለቁ» አለ ጁነይድ ለራሱ ያህል።

«ብቻህን ልትሸከማቸው ነው?» ዘይቱና ሻሿን አጠበቀች። «እኔ ንብ እፈራለሁ። የቀፎውን አፍ በምን እንደምደፍን ብቻ አሳየኝ። ተነስ፣ የሚጭናቸው አይሱዙ እንፈልግ!»