በአንድ ቀን የቀደመችን ልጅ

ጡረታ በወጣን በሦስተኛው ወር፣ ቡታጅራ ላይ፣ ልጃችን በአንድ ቀን ቀድማን እየተጓዘች እንደሆነ ተነገረን። እኔና ባለቤቴ ልጅ የለንም።

የነገረን ጎሚስታ ነው። መኪናችንን እንዳቆምን ሳንጠራው ክሪኩን ይዞ መጣና ከኋላው ግራ ጎማ አጠገብ ተንበረከከ።

«ልጃችሁ ትናንት አልፋለች» አለ። «አረንጓዴ መጋረጃ ያለው ነጭ ኮስተር ይመጣል፣ የኋላው ግራ ጎማ ሚስማር ገብቶበታል፣ እይላቸው ብላኛለች።»

«ልጅ የለንም» አልኩት።

«እሷ ግን ወላጆች አሏት» አለና ሚስማሩን በጉጠት ነቅሎ አሳየኝ። ስድስት ሳንቲሜትር ይሆናል።

ባለቤቴ ሙሉእመቤት ልጅቷ ምን እንደምትመስል ጠየቀችው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው አለ፤ ጠይም ናት፣ መነጽር አድርጋለች፣ ስታወራ ልክ እንደ እርስዎ አንገቷን ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። ሙሉእመቤት አንገቷን ቀና አደረገች።

ስሜ ደምስ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት መንገድ ስቀይስ ኖሬአለሁ። ቀይሼ እሄዳለሁ፣ አስፋልቱ ሲነጠፍ ሌላ ቦታ ነኝ። ሙሉ የምላት ባለቤቴ አዳማ ውስጥ ጂኦግራፊ ታስተምር ነበር። ያላየቻቸውን ሐይቆችና ወንዞች ስማቸውን፣ ስፋታቸውንና ጥልቀታቸውን ለተማሪዎቿ አስጠንታለች። ጡረታ ስንወጣ ቤታችንን አከራይተን አሮጌ ኮስተር ገዛን። ወንበሮቹን አስነቅለን አልጋ፣ ባለ ሁለት ምድጃ ጋዝና መቶ ሊትር የውሃ በርሜል አስገባንበት። ሐሳባችን በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ደስ ያለን ቦታ እያደርን፣ እስከ ጂንካ መውረድ ነበር። በሰዓት ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ አልነዳም። የሚያስቸኩለን ነገር አልነበረም።

ሆሳዕና ስንደርስ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ አቆምን። ዘበኛው ቡናማ ሹራብ አጣጥፎ ይዞ መጣ።

«ትርሲት ረስታው ሄደች» አለ። «ወላጆቼ ሲመጡ ስጥልኝ ብላ ትናንት ከከተማ መውጫ ደወለች።»

«ስንት ዓመቷ ነው?» አልኩት።

«ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ሰሞን ትመስላለች። ሃያ አራት።»

«ሠላሳ ሁለት አይደለም?»

«እኔ ያየሁትን ነው የምነግርዎት፣ ጋሼ።»

ሙሉ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሹራቡን አሸተተችው። ከዚያ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ይህን ስም ለማንም ነግሬ አላውቅም» አለች።

«ለእኔም?»

«ላንተም።»

ስሙን ያወጣችው በ1983 እንደሆነ ነገረችኝ። ያኔ ስለ መውለድ ያማከረችው ሐኪም ሁለታችንም አብረን እንድንቀርብ ጠይቆ ነበር። ምርመራው የሁለታችን ነው፣ አንዳችሁ ብቻ ብትመጡ ዋጋ የለውም ብሎ ነበር። እኔ መስክ ላይ ነበርኩ። ለሚቀጥለው ዓመት አልኳት። በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚያው አልኩ። በሦስተኛውም እንደዚያው። በአራተኛው ዓመት እሷ አልጠየቀችኝም፣ እኔም ለምን አልጠየቅሽም አላልኩም።

ሹራቡን ለብሳ ተኛች። ልኳ ነበር።

ሶዶ ላይ በረንዳ ላይ የሚሠራ ልብስ ሰፊ እጁን አውለብልቦ አስቆመን። ትናንት ለልጃችን የትምህርት ቤት ቀሚሷን ጫፍ እንዳሳጠረላት ነገረን። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው አለ።

«ረዝሞባት መሬት ሊጠርግ ደርሶ ነበር» አለ። «ትንሽ ቆዪና ከወላጆችሽ ጋር ሂጂ ብላት፣ አባቴ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፣ ልጠብቃቸው አልችልም አለችኝ።»

«ለምን እንደማትችል አልጠየቅካትም?» አለች ሙሉ።

«ጠይቄአታለሁ። ቀሚሱን አሳየችኝ።»

ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። የመሬት ከፍታ እንደምስለው አድርጌ በአንድ በኩል ከተሞቹን፣ በሌላው በኩል ዕድሜዋን ጻፍኩና ነጥቦቹን በመስመር አገናኘኋቸው። ሠላሳ ሁለት፣ ሃያ አራት፣ አሥራ አምስት። በሥራ ዘመኔ ስንት ቁልቁለት ስያለሁ፤ እንዲህ ቀጥ ያለ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ለሙሉ አሳየኋት። መስመሩን በጣቷ ተከትላ ወረቀቱ እስከሚያልቅበት ድረስ ሄደች።

«ንዳ» አለችኝ።

ምሳ ሳንበላ ተነሳን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓት ዘጠና ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ከኋላችን ድስቶቹ እየተጋጩ፣ የበርሜሉ ውሃ ወለሉ ላይ እየፈሰሰ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አርባ ምንጭ ገባን። አንዲት ሙዝ ሻጭ ተነስታ ወደ መስኮታችን መጣች።

«ዘገያችሁ» አለች። «ትናንት እዚህ አጠገቤ ተቀምጣ ስትጠብቃችሁ ዋለች። የፊት ጥርሶቿ ስለወላለቁ ሙዝ ብቻ ነው የበላችው። ሰባት ዓመቷ ነው አይደል?»

በዚያው በትናንቱ ቀን ሶዶ ላይ አሥራ አምስት ዓመቷ፣ አርባ ምንጭ ላይ ሰባት ዓመቷ ነበር ማለት ነው። ልብስ ሰፊውም ሙዝ ሻጯም ስለ ቀኑ አልተጠራጠሩም። ምንም ብፈጥን በአንድ ቀን እንደምትቀድመን ገባኝ። ሞተሩን አጠፋሁ።

«ሙሉ፣ እንመለስ።»

«ወዴት?»

«በመጣንበት። ሶዶ አሥራ አምስት ናት፣ ሆሳዕና ሃያ አራት። ቡታጅራ ስንደርስ ራሷን የቻለች ሰው ትሆናለች።»

«ቡታጅራ ስንደርስ እዚያ እናገኛታለን?»

መሪውን አጥብቄ ያዝኩ።

«የሰባት ዓመት ልጅ ብቻዋን ከፊታችን እየሄደች ነው» አለች። «አንተ ትመለሳለህ?»

«ስንደርስባት ምን ሆና እንደምናገኛት አስቢ እንጂ። መስመሩን አይተሽዋል።»

«አይቼዋለሁ። መሪውን ልቀቅልኝ።»

«መንዳት አትችይም እኮ።»

«እዚሁ እማራለሁ። ውረድ።»

ልመለስ የፈለግኩት ለልጅቷ ብዬ አልነበረም። መጨረሻውን ላለማየት ነው። ሙሉም ይህን ታውቃለች፤ ፊቷን ሳየው ከድሮ ጀምሮ እንደምታውቅ ተረዳሁ። ከወንበሩ አልወረድኩም። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩን አስነሳሁ።

ኮንሶ ላይ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ሴት መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቀን ነበር። ትናንት ልጃችንን አዝላ መናኸሪያ ድረስ እንዳደረሰቻትና ወደ ጂንካ ለምትሄድ ሌላ ሴት እንደሰጠቻት ነገረችን።

«ገና መራመድ እየለመደች ነው፣ ብቻዋን አልለቀቅኳትም» አለች። «ዓመት ቢሆናት ነው።»

«ምን አለች?» ብላ ሙሉ ጠየቀች።

«ምን ትላለች፣ አፏን አልፈታች። ጀርባዬ ላይ ሆና ወደ ኋላ ወደ መንገዱ ታይ ነበር። አንገቷን ለመመለስ ብሞክር አልመለስም አለችኝ።»

ሙሉ ሴትዮዋን ትከሻዋ ላይ ሳመቻት፤ ልጅቷ ታዝላ በነበረችበት በኩል።

ከኮንሶ እስከ ወይጦ ያለውን ቁልቁለት የቀየስኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ሲጠራን እዚያ ነበርኩ። ችካሎቹን ያስመታሁባቸውን ኩርባዎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ይህንን ለሙሉ ነገርኳት። በመስኮቱ ወደ ውጭ ብዙ አየች።

«ቆንጆ መንገድ ነው» አለች።

ጂንካ ያስቆመን ሰው አልነበረም። ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞርን። በሦስተኛው ዙር ሙሉ በጣቷ ወደ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ አመለከተች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ውስጥ ሕፃን የታቀፉ ሦስት እናቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሲስተር ጸዳለ የምትባል ነርስ ሕፃናት በሚመዝን ሚዛን ፊት ቆማለች። ሰማያዊ ሰሃን ያለው፣ በመርፌ የሚቆጥር ሚዛን ነው። ሰሃኑ ላይ ምንም የለም። መርፌው ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ላይ ቆሟል።

«የትርሲት ወላጆች ናችሁ?» አለች።

«ነን» አልኩ። እንዲህ ብዬ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ትናንት አንዲት ሴት አመጣቻት። የተወለደችው በዚያው ቀን ትመስል ነበር። እዚህ አስተኝቼ ካርድ ላወጣላት ዞር አልኩ። ስመለስ አትታይም። መርፌው ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም። ሚዛኑ ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ ሌሎቹን ሕፃናት መዘንኳቸው። ሁሉም ሰሃኑ ባዶ ሲሆን መርፌው በሚያሳየው ያህል ጨምረው ይመዝናሉ። ያንን እየቀነስኩ ነው የምጽፈው።»

«ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ነው?» አልኳት።

«ጠዋት ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ ነበር።»

ሙሉ ነጠላዋን አውርዳ ክንዷ ላይ ዘረጋችው። ወደ ሚዛኑ ቀረበችና ዞራ አየችኝ።

«ና፣ አንገቷን ደግፍልኝ።»

ሄድኩ። መዳፌን ወደ ሰሃኑ ዘረጋሁ፤ ከየት ጀምሮ አንገት እንደሆነ ስለማላውቅ፣ ሙሉ ራሷ እጄን ይዛ ትክክለኛው ቦታ ላይ አደረገችልኝ። ቦታው ሞቃት ነበር። ሁለታችንም አብረን አነሳን። መርፌው ተንቀጥቅጦ ቀስ እያለ ወደ ዜሮ ተመለሰ። ሲስተር ጸዳለ ካርዱ ላይ ቀኑን ጻፈች። አግዳሚው ላይ ያሉት እናቶች እግራቸውን ሰብስበው አሳለፉን።

ውጭ ካፊያ ጀምሮ ነበር። ሙሉ ክንዶቿን አጥፋ እያጎነበሰች ትራመዳለች። እኔ መዳፌን ሳላነሳ በጎን በጎን እሄዳለሁ። ዝናቡ ነጠላዋን አረጠበው፤ ደረቷ ላይ አንድ ዳቦ የምታክል ቦታ ብቻ ደረቅ ሆና ቀረች። እስከ መኪናው ድረስ ሃያ ሁለት እርምጃ ነው። በሩን ስከፍት ደረቋ ቦታ ቡጢ ታክል ነበር።