የወንድሜ እጅ

ታናሽ ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ይግባኝ» ነው የሚለው። ልጅ ሆኖ እናታችን ስትቆጣው ወደ አባታችን፣ አባታችን ሲቆጣው ወደ አያታችን እየሮጠ አቤት ይል ነበር። ጠበቃ ሲሆን ማንም አልተገረመም። ችሎት ላይ ተከራክሮ ሲጨርስ ቁጭ ይልና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ዳኛውን ያያል። የኔ ሥራ እዚህ ድረስ ነው፣ የቀረው የእርስዎ ነው ማለቱ ነው።

ከሁሉ ያንገበገበው የኔ ጉዳይ ነው። እህታችን ስትሞት ልጇን ገና ጡት ሳትጥል ተቀብዬ አሳደግኳት። ትምህርት ቤት ልትገባ ስትል አባትየው ከጠፋበት ብቅ አለና «ልጄን» አለ። ወንድሜ ለኔ ቆሞ፣ «ልጅቷ ራሷ ትጠየቅልን» እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ ተከራከረ። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም። «ሕጉ ልጅ ጠይቁ አይልም፤ እኔ ምን ላድርግ?» አሉ። ቀሚሴን የጨበጡትን ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅኳቸው እኔው ነኝ።

የበላዩም ፍርድ ቤት ያንኑ አጸና። ያኔ ነው ወንድሜ ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ያለችውን ቢሮውን ዘግቶ ለምክር ቤት የተወዳደረው። «ጥፋቱ የሕጉ ከሆነ፣ ሕጉ ወደሚወጣበት እሄዳለሁ» አለኝ። አብደሃል አልኩት። ተመረጠ።

እሱ ያረቀቃት አንቀጽ ለድምፅ የቀረበች ዕለት ለእንግዶች በተዘጋጀው ቦታ ተቀምጬ ነበር። ልጅ ከማን ጋር እንደሚኖር ሲወሰን ልጁ ይጠየቅ፤ ሳይጠየቁ የተወሰነባቸውም ጉዳያቸው እንደገና ይታይ ነው የምትለው። ወንድሜ ተናገረ። እንዴት ያለ ንግግር! አጠገቤ የነበረች የማላውቃት ሴት መሐረብ አወጣች። ጨርሶ ቁጭ አለ።

«የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» አሉ አፈ ጉባኤው። እጆች ወጡ፤ ቆጣሪዎቹም በወንበሮቹ መሃል መዞር ጀመሩ። የኔው ጉድ ግን ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ አፈ ጉባኤውን በትህትና ያያል። ፍርድ እየጠበቀ ነው! ዕድሜውን ሙሉ ሲከራከር ኖረ እንጂ ፈርዶ አያውቅማ። ቆጣሪው እሱ ካለበት ረድፍ ደረሰ።

«አንተ! እጅህን አንሳ እንጂ!» አልኩ፣ አንጀቴ እስኪበጠስ።

አዳራሹ በሙሉ ወደኔ ዞረ። ወንድሜ በድንጋጤ እጁን ወደ ላይ ሲወረውር አየሁት። ከዚያ ወዲያ ጥበቃዎቹ ክንዴን ይዘው አወጡኝ። «እናቴ፣ እዚህ አይጮህም» ይለኛል አንደኛው፣ ሳቁን እየዋጠ።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስንቆራጠጥ ወንድሜ ከረባቱ ተጣሞ ወጣ።

«አለፈ፣ እትዬ። በአንድ ድምፅ ብልጫ። የማን ድምፅ እንደሆነ እንዳትጠይቂኝ።»

ሳቅኩ፤ ሳልጨርሰው ወደ ለቅሶ ተለወጠብኝ።

«እንግዲህ ትጠየቃለች ማለት ነው?»

«ትጠየቃለች።»

ይሄኔ ዓመታቱን በጣቴ ቆጠርኩ። ስንት ዓመት አለፈ! አሁን ትልቅ ልጅ ናት፤ ጓደኞቿ፣ አልጋዋ፣ ሁሉ ነገሯ እዚያ አባቷ ጋ ነው።

«እዚሁ ይሻለኛል ብትልስ?»

ወንድሜ ደረጃው ላይ አስቀመጠኝና እጄን ያዘ።

«እንጃ፣ እትዬ። እሱን ከራሷ ነው የምንሰማው።»

«እሷን ደስ ያላት ይሁን» አልኩ። አፌ ነው ያለው። ልቤ ግን እቤት ገብቶ አልጋዋን እያነጠፈ ነበር።