የሦስት ተኩል ባር ፍርድ

ወንድሜ ዚያድ አንዲት ቀይ ዕቃ ገዝቶ ወደ ቤት ካመጣበት ቀን ጀምሮ፣ በቤታችን የነዳጅ ግፊት ከሃይማኖት በላይ አከራካሪ ሆነ። ዕቃዋ የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያ ናት። በአናቷ ላይ ያለውን ብሎን ሲያጠብቁት ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቤንዚን ግፊቱ ይጨምራል፤ ሲያላሉት ይቀንሳል። ፋብሪካው የገጠመው መቆጣጠሪያ ግን ብሎን የለውም። ግፊት በሚለካበት ባር፣ ሦስት ባር ሆኖ ተወልዷል፤ ሦስት ባር ሆኖ ይሞታል።

የዚያድ መኪና አሮጌ ጎልፍ ናት። የሞተሯን ካምሻፍት በስፖርት ካምሻፍት ለውጦ፣ የጭስ ማውጫዋን ማርሚታ አስፍቶ፣ የኮምፒውተሯን ቺፕ አስቀይሮ፣ ሁሉንም በመኪናዋ ወረቀት ላይ አስመዝግቧል። ሆኖም ፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ አውቶባን ላይ እስከ ጥግ ሲረግጣት እንደ ሳል በሽተኛ ትንገታገታለች።

«ቤንዚን አንሷት ነው። አራት ባር እሰጣታለሁ» አለ።

የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝና፣ ቺፑን የጻፈው ሰው ስሌቱን የሠራው በሦስት ባር መሆኑን፣ ቀይዋ ዕቃም የምዝገባ ወረቀት እንደሌላት በትዕግሥት አስረዳሁት።

«ወረቀት የሌለው ስንት ሰው ፍራንክፈርት ይኖር የለ እንዴ» አለኝ።

ቀልዱ መልካም ነበር፤ ሁኔታው ግን አልነበረም። ዚያድ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ ሻንጣ ጫኝ ነው። ፈረቃው የሚጀምረው ከንጋቱ አስር ሰዓት ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት ከሰፈራችን ከጻይልስሃይም የሚያደርሰው አውቶቡስ የለም። መኪናዋ መንገድ ላይ ቆማበት ሁለት ጊዜ አርፍዷል፤ በሦስተኛው እንደሚሰናበት በደብዳቤ ተነግሮታል። በዚህ ላይ የቲዩፍ፣ ማለትም የመኪና ብቃት፣ ምርመራዋ ጊዜ ማለፉን ፖሊስ ደርሶበት እስከ ዓርብ ቀን ቆርጦለታል። ቴርሚኑ፣ ቀጠሮው፣ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ነው። ሐሙስ ካላለፈች ታርጋዋ ይነሳል፤ ታርጋዋ ከተነሳ ዚያድ ሥራ የለውም።

በግፊቱ ክርክር ሦስት ቀን ተኳረፍን። ልጆቿ ሦስት ቀን ከተኳረፉ እናቴ ሐሊማ መካኒክ አትጠራም፤ ሽማግሌ ትጠራለች። እሁድ ከሰዓት ሁለት ሽማግሌዎች ሳሎናችን ተቀመጡ። አንደኛው ሐጂ ኡወይስ ናቸው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ከአሰብ አዲስ አበባ ከባድ መኪና ነድተዋል። ሁለተኛው ጎረቤታችን ጋሽ ተገኝ ናቸው፤ መሃል ከተማው ኢነንሽታት ውስጥ የልብስ መደብር ያጸዳሉ፣ መሪ ጨብጠው አያውቁም። ነገሩን የያዙት፣ እንደሚጠበቀው፣ ጋሽ ተገኝ ነበሩ።

«ጠቡ ምንድን ነው?»

«ሦስት ባር ይበቃታል ነው የምለው» አልኩ።

«አራት» አለ ዚያድ።

«መልካም። ይኼ ባር የምትሉት ነገር ስድብነት አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ተሰዳድባችኋል?»

«ፕሮፌሰር ብሎኛል።»

«እሷም ሻንጣ ብላኛለች።»

ጋሽ ተገኝ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። አራት ገጽ ስሌት ከነሥዕላዊ መግለጫው አዘጋጅቼ ነበርና በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። በአክብሮት ተቀብለው የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡበት። ሐጂ ኡወይስ ሙስባሃቸውን መቁጠር ቀጠሉ።

«እሷ ሦስት አለች፤ አንተ አራት አልክ» አሉ ጋሽ ተገኝ በመጨረሻ። «ሦስት ተኩል ይሁን። ተነሱና ተሳሳሙ።»

ሽምግልና አሸናፊ አያወጣም፤ ሁለቱንም ወገን በእኩል መጠን ቅር አሰኝቶ ያስታርቃል። ሞተሩ ዋና ባለጉዳይ ሳለ ቃሉን የጠየቀው አልነበረም። እኔም በዩኒቨርሲቲው የክፍሌ አንደኛ ብሆን፣ በእናቴ ፊት ሽማግሌ የሚገፋ ቀመር አልተማርኩምና ወንድሜን ሳምኩት።

ረቡዕ ከሰዓት ዚያድ ቀይዋን ዕቃ ገጠመ። እኔ ከዩኒቨርሲቲው የተዋስኩትን የግፊት መለኪያ በረጅም ቱቦ አውጥቼ ከፊት መስታወቱ ውጭ በፕላስተር ለጠፍኩት። ግቢያችን ውስጥ ቆማ ስትሠራ መርፌው በትክክል ሦስት ተኩል ላይ ዋለ። ሐጂ ኡወይስ ፍርዱ መፈጸሙን ለማየት መጥተው ስለነበር ከፊት ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ወደ አውቶባን ወጣን።

ዚያድ እስከ ጥግ ረገጣት። መርፌው ወደ ሦስት ወረደ። ከዚያ ወደ ሁለት ተኩል። ሁለት ላይ ሲደርስ መኪናዋ ሳሏን ጀመረች።

«ያንቺም ቁጥር አይደለም፤ የኔም አይደለም» አለ ዚያድ ቀስ ብሎ።

መቆጣጠሪያ የደረሰውን ቤንዚን ያግዳል እንጂ ያልደረሰውን አያመጣም፤ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ የለካሁት መኪናዋ በቆመችበት ነበር። ፈረሱን ጋጣ ውስጥ አስሬ ስለ ሩጫው አራት ገጽ ጽፌአለሁ።

ሐጂ በመስኮት የሚያርፈውን አውሮፕላን እያዩ፣ «ፊልትሮውን መቼ ነው የቀየርከው?» አሉ።

«የቱን ፊልትሮ?»

«ቤንዚን የሚያጣራውን ነዋ።»

«ከገዛኋት ወዲህ አልነካሁትም።»

«ማርሚታ ቀየርክ፣ ቺፕ ቀየርክ። ገላህን ሳትታጠብ ሽቶ።»

«ሐጂ፣ ይህን እሁድ ዕለት ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«እናትሽ የጠራችኝ ለሽምግልና ነው፣ ልጄ። ሽማግሌ ለአንዱ ካደላ ምኑን ሽማግሌ ሆነ? በሾፌርነቴ ብትጠይቁኝ በሾፌርነቴ እመልስ ነበር። የጠየቀኝ የለም።»

የዚያኑ ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ማጣሪያውን አወጣነው፤ ጭቃ የመሰለ ጥቁር ውሃ ተፋ። አዲሱ ከገባ በኋላ ወደ አውቶባን ተመለስን፤ መርፌው ሦስት ተኩል ላይ እንደ ዘበኛ ቆመ፣ መኪናዋም ሳትስል በረረች። ሆኖም ስትረገጥ ከኋላዋ ጥላሸት ትተፋለች፤ ግማሹ ባር ትርፍ ነበር። ቀይዋ ዕቃም እንደ በፊቱ ወረቀት አልነበራትም፤ መርማሪው ካያት አያሳልፈንም።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ዚያድ ከፈረቃ ተመልሶ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ቆመናል።

«ቀይዋ ትውጣ» አልኩት።

«ፍርዱስ?»

እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁ፤ እየቀለደ አልነበረም። ሐጂ ኡወይስ ዘንድ ደወልን። «ብቻዬን አልፈረድኩትም፤ ብቻዬን አላነሳውም። ተገኝ ይጠየቅ» አሉ። የጋሽ ተገኝ ስልክ ደግሞ ሥራቸውን እስኪጨርሱ፣ እስከ አስር ሰዓት ድረስ፣ በመደብሩ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል።

«ሽማግሌ የቆረጠውን አፍርሰን መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ?» አለ ዚያድ።

«ፊዚክስ እንደዚያ አይሠራም።»

«ፊዚክስ እማዬን አያውቃትም።»

እውነቱን ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ሰባት ሊሆን ነው። ከእናቴ ቁጣና ከወንድሜ እንጀራ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፤ መፍቻውን አነሳሁ። ዚያድም የሚንጠባጠበውን ቤንዚን ሊቀበልልኝ ጨርቅ ይዞ አጎነበሰ። በሩብ ሰዓት ውስጥ የፋብሪካው ሦስት ባር ወደ ቦታው ተመለሰ። ስምንት ሰዓት ላይ መርማሪው መለኪያውን ጭስ ማውጫዋ ውስጥ ከትቶ፣ ኮፈኗን ከፍቶ፣ ወረቀቷን አገላብጦ፣ አዲሱን ክብ ማኅተም ታርጋዋ ላይ ለጠፈ። ለምን እንዲያ እንደተቃቀፍን አልገባውም።

ማምሻውን ጋሽ ተገኝ የሥራ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ መጡ። ሐጂ ኡወይስ ቀድመዋቸው ሳምቡሳው ዘንድ ደርሰዋል። እናቴ አጠገባቸው ተቀምጣለች።

«አለፈች?» አሉ ጋሽ ተገኝ።

«አለፈች።»

«ስንት ላይ ናት?»

መለኪያ ያልመሰከረለትን ነገር ተናግሬ አላውቅም፤ በዚህም እኮራ ነበር። እናቴ ታየኛለች። ሐጂም ያዩኛል።

«ሦስት ተኩል» አልኩ።

«አየህ ሐጂ» አሉ ጋሽ ተገኝ ወደ ኋላ ተደግፈው፤ «እኔ መሪ ይዤ አላውቅም። መኪናም ግን ሽማግሌ ትሰማለች።»

ሐጂ ኡወይስ ሁለት ሳምቡሳ በአንድ ጊዜ ጎረሱ፤ እንዲህ የሞላ አፍ መልስ እንዲሰጥ አይጠበቅበትም። ዚያድ ይህን አልሰማም። ከንጋቱ አስር ሰዓት ላይ ፈረቃ ስላለው ቀድሞ ተኝቷል።