ስሙ የተሸፈነ ቃል

የእንጨት መሰንጠቂያው ፎርማን «መጋዙ» ነበር የሚባለው። ስሙ የወጣለት የአንድ ሠራተኛ እጅ ከነጓንቱ ወደሚሽከረከረው ምላጭ ገፍቶ አራት ጣት ካስቆረጠ በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን እሱም እዚያው ግቢ ውስጥ ጭንቅላቱ በብረት ተፈርክሶ፣ ፊቱ ሰጋቱራ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ። ፖሊስ ተረኛ የነበሩትን አራት ሰዎች ለቅሞ ወሰደ። አንዱ ወንድሜ ነው።

አራቱም አመኑ። እንዴት እንዳመኑ ለማወቅ ጠንቋይ መጠየቅ አያስፈልግም፤ አንደኛው ውስጥ እግሩ ተልጦ በጉልበቱ ይሄዳል፣ የሌላው ግራ ዓይን ፈሷል።

ጠበቃቸው ለፖሊስ የሰጡትን ቃል ይዞ፣ የማን አነጋገር እንደሆነ እንድለይለት የምተይብበት ሱቅ ድረስ መጣ። እኔ ዲግሪ የለኝም፤ ዲግሪ ያላቸው ናቸው ጽሑፋቸውን ይዘው እኔ ዘንድ የሚሰለፉት። ስምንት ዓመት የሰው ጽሑፍ ስተይብ ማን የራሱን እንዳመጣ፣ ማን ከሌላው እንደገለበጠ ሁለተኛው ገጽ ላይ መለየት ለመድኩ። ማንም አላስተማረኝም። ሰው ኮት ይዋሳል እንጂ «እኔ» የሚልበትን ልማድ አይዋስም።

ዘዴዬ ቀላል ነው። የየተናጋሪውን ቃል ለየብቻ አስቀምጥና ስሙን በወረቀት እሸፍናለሁ፤ ለወዳጅ ማድላት አይቀርምና። ከዚያ «እኔ» በተባለ ቁጥር በቀይ፣ «እኛ» ሲባል በሰማያዊ፣ «እሱ» ሲባል በጥቁር እጭራለሁ። አራቱ ለፖሊስ የሰጡትን ቃል እንዲያ ቆጠርኩ፤ መርማሪው ራሱ የጻፈውን ሪፖርትም ጨመርኩበት።

ሦስቱ ቃሎች ከአንድ ማኅፀን የወጡ ይመስላሉ። «እኛ» በየገጹ አሥር፣ አሥራ አንድ ጊዜ፤ «እኔ» የሚል ለመድኃኒት እንኳ የለም። የሞተው ሰውዬም አንድም ቦታ «እሱ» አልተባለም፣ ሁሌ «ሟች» ነው። የመርማሪው ሪፖርትም ቁርጥ እንደዚያው።

«ጋሼ፣» አልኩት ጠበቃውን፣ «እነዚህን የተናገረው መርማሪው ነው፣ እነሱ የፈረሙት ብቻ ነው። አራተኛው ግን የራሱ ነው። ሠላሳ ሰባት ጊዜ እኔ ይላል። እኔ ጠበቅኩት፣ እኔ መታሁት፣ እኔ ደገምኩት። ሟች ማለትን አያውቅበትም። ገዳዩ ይኸኛው ነው።»

በራሴ ኮርቼ፣ እየሳቅኩ ሽፋኑን ገለጥኩት። ወንድሜ። አብሬው ያደግኩትን ድምፅ ቁጭ ብዬ ስቆጥር ሳልሰማው ቀርቻለሁ።

ጠበቃው መነጽሩን አውልቆ ብዙ ጊዜ ጠረገው። «አራቱንም መርማሪው ነው የጻፋቸው እንበል፣» አለኝ በመጨረሻ። «ማን መልሶ ይቆጥራል?»

በማግስቱ ጠዋት እስር ቤት ሄድኩ።

ወንድሜ ከፍርግርጉ ወዲያ ቆሞ አዳመጠኝ። አልካደም። ያንን እጅ ከምላጩ ሥር የጎተትኩት እኔ ነኝ፣ ጣቶቹን ከሰጋቱራ ውስጥ የለቀምኩትም እኔ ነኝ አለኝ። ያዘንኩለት እዚያ ላይ ነበር። ቀጥሎ ግን ፍርዱን ብቻዬን አልሸከምም፣ አራታችንም ነን የመታነው በይ አለኝ።

«ዓይኑ የፈሰሰውም አብሮህ መትቶታል?» አልኩት።

በምግብ ማቀበያው ቀዳዳ እጁን አሾልኮ ፀጉሬን ያዘና ፊቴን ከብረቱ አላተመው። ደገመ። ሠለሰ። የፊት ጥርሴ ምላሴ ላይ ወደቀ። ዘበኛው ክንዱ ላይ ዱላ እስኪያሳርፍበት አልለቀቀኝም፤ አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲቀጭ ሰማሁት። «እኛ ነን፣» ይላል መሬት ላይ ሆኖ፣ «እኛ ነን፣ በያቸው።»

እናቴ ደሜን እያጠበች የቆጠርሽበትን ወረቀት ቅደጂው አለች። አንድ ወንድ ልጅ ነው ያለኝ አለች። የሌሎቹ እናቶች ስንት እንዳላቸው ጠየቅኳት። ጨርቁን ውኃው ውስጥ ጥላ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

ወረቀቱን ይዤ ችሎት ቀረብኩ። ዳኛው አገላብጠው አዩትና ማን እንደቆጠረው ጠየቁ። ከንፈሬ ስላበጠ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

«እኔ ነኝ።»

ወንድሜ የታሰረ ክንዱን አቅፎ ጫማውን ያያል። በዚያው ሳምንት ሦስቱ ተፈቱ፤ አንዱ በጉልበቱ እየሄደ።